በጨዋታ ማብቂያ ላይ የሚሰጡ ምቶችና የመከላከል ስልት

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በአየር ጤና፣ በቤተል፣ በዓለም ባንክና በወይራ ሰፈር አካባቢዎች በእረፍት ቀናት ማለዳ የሚሰባሰቡት የጤና ስፖርት ቡድኖች በርካታ የመንግሥት ሠራተኞችን ያቀፉ ናቸው። በእነዚህ ቡድኖች ጨዋታ ላይ ከሚነሱት ክርክሮች መካከል አንዱ ጥፋት የተፈጸመበትን ቦታ የሚመለከት ነው። አንዱ ወገን ሪጎሬ ነው ሲል ሌላው ጥፋቱ ከክልሉ ውጪ መሆኑን ይገልጻል። ሜዳው መስመር ያልተሰመረበት ከሆነ ደግሞ ክርክሩን ሊዳኝ የሚችል ምልክት አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የሚፈታው በዕድሜ አንጋፋ የሆነው ተጫዋች በሚሰጠው ውሳኔ ነው።

ይኸው ጥያቄ በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ሲነሳ ግን በአንጋፋ ሽምግልና የሚፈታ አይሆንም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከናይጄሪያ አቻው ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኝቶ ሦስቱንም ጨዋታ መሸነፉ ይታወሳል። በሦስቱ ጨዋታዎች በኢትዮጵያ ላይ የተቆጠሩት ግቦች ስድስት ናቸው። ከስድስቱ መካከል አራቱ በፍጹም ቅጣት ምት፣ አንዱ በቅጣት ምት የተገኙ ሲሆን፣ በጨዋታ እንቅስቃሴ የተቆጠረው አንድ ብቻ ነው። በሰዓት ሲታይም ከስድስቱ አራቱ የተቆጠሩት ከ80ኛው ደቂቃ ጀምሮ ባለው ጊዜ ነው። ቁጥሮቹ የሚያመለክቱት በቀላሉ ዕድል ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በእነዚያ ጨዋታዎች የተሸነፈችው በአብዛኛው ኳስ ቆሞ በሚመታበትና ሰዓት ሊያበቃ በተቃረበበት ወቅት ነበር።

ነገሩን በዝርዝር ለመመልከት ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ሩስተንበርግ ከተማ ከተካሄደው ጨዋታ መነሳት ተገቢ ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመታት በኋላ በተሳተፉበት የአፍሪካ ዋንጫ ሦስተኛውን የምድብ ጨዋታ ሲያደርጉ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ቆይተው ነበር። በ80ኛው ደቂቃ ናይጄሪያዊው ቪክቶር ሞሰስ በክልሉ ውስጥ በተሠራበት ጥፋት የተሰጠውን ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። ጨዋታው ሊጠናቀቅ ሲል ይኸው ተጫዋች ከግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ ጋር ተጋጭቶ በመውደቁ ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ግብ ጠባቂው በሁለተኛ ቢጫ ካርድ ከሜዳ ወጣ። ቡድኑ በወቅቱ ይፈቀዱ የነበሩትን ሦስት የተጫዋች ቅያሪዎች ጨርሶ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ግብ ላይ እንዲቆም ግድ ሆነ። ሞሰስ ሁለተኛውንም አስቆጥሮ ጨዋታው 2 ለ 0 ተጠናቀቀ። ናይጄሪያ ከምድቡ አልፋ ከ12 ቀናት በኋላ ቡርኪና ፋሶን 1 ለ 0 በመርታት የዋንጫው ባለቤት ሆናለች። የዋንጫው ባለቤት የሆነ ቡድን በኢትዮጵያ ላይ በጨዋታ እንቅስቃሴ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ከምድቡ መውጣቱ ብዙም የተነገረለት ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ግንኙነት ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ የተደረገው የደርሶ መልስ ማጣሪያ የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። በኃይሉ አሰፋ በ56ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያን መሪ አደረገ። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ በ67ኛው ደቂቃ የአቻነቱን ግብ አስቆጠረ። ጨዋታው በአቻ ውጤት እንደሚጠናቀቅ በሚጠበቅበት በ90ኛው ደቂቃ ላይ ናይጄሪያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ኢሜኒኬም ወደ ግብ ለወጠው። ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. በካላባር በተካሄደው የመልስ ጨዋታ ቪክቶር ሞሰስ በ20ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ቪክቶር ኦቢና ደግሞ በ82ኛው ደቂቃ በቅጣት ምት አስቆጥረው የኢትዮጵያ የዓለም ዋንጫ ተስፋ በድምር 4 ለ 1 ውጤት አበቃ።

የመጨረሻ ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ የስታዲየሙም ሆነ የሻይ ቤቱ ተመልካች ወቀሳውን ወደ ዳኛው ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ዳኛ መሳሳቱ ባይቀርም ወቀሳው ዋናውን ጥያቄ ይሸፍነዋል። ዋናው ጥያቄ ተከላካዩና አጥቂው በዚያች ሰዓት በዚያ ሥፍራ እንዴት ሊገናኙ ቻሉ የሚለው ነው።

ውጤት ለማስጠበቅ የሚሞክር ቡድን የጨዋታው ሰዓት እያለቀ ሲሄድ ማንም ሳያዘው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የተከላካይ መስመሩ ከመሃል ሜዳ ወደ 30 ሜትር፣ ከዚያም ወደ 20 ሜትር፣ በመጨረሻም ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ይወርዳል። አማካዮቹ ተከላካዮቹን ለመርዳት አብረው ስለሚወርዱ የሚመለሰውን ኳስ የሚቀበል ሰው ከፊት አይገኝም። ተጠርጎ የወጣው ኳስ ወዲያውኑ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ተከላካይ 80 ደቂቃ የሮጠ እግር ይዞ፣ ገና ተቀይሮ ከገባ ባለ ትኩስ ጉልበት አጥቂ ጋር ይፋጠጣል። እግሩ በግማሽ እርምጃ ስለሚዘገይ ኳሱን ሳይሆን ሰውን ያገኛል። ከክልሉ ውጪ በ25 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ይኸው ጥፋት ቅጣት ምት ብቻ ያስከትል ነበር። በክልሉ ውስጥ ግን ግብ ለመሆን የተቃረበ ምት ያሰጣል። ጥፋቱ አንድ ሆኖ ዋጋው እንደየቦታው ይለያያል ማለት ነው። አጥቂዎችም ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ወደ ክልሉ የሚገቡት ለመምታት ብቻ ሳይሆን ለመነካትም ጭምር ነው።

ስለዚህ በማብቂያ ደቂቃዎች የሚደረግ መከላከል አንድም ነገር ላለመስጠት የሚደረግ ትግል ነው ብሎ ማሰቡ ትክክል አይሆንም። ምንም ሳይሰጡ መከላከል የሚቻልበት ጨዋታ የለም። የሚቻለው የሚሰጠውን ነገርና የሚሰጥበትን ቦታ አስቀድሞ መምረጥ ነው። ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው ለኢትዮጵያ ተመልካች ብዙም የማይታወቀው የአሜሪካን ፉትቦል ነው።

በአጋጣሚ ምሳሌው የሚገኘው ከሩስተንበርጉ ጨዋታ አምስት ቀናት በኋላ ጥር 26 ቀን 2005 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ በተካሄደው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ላይ ነው። የባልቲሞር ሬቨንስ ቡድን ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲ ናይነርስን 34 ለ 29 እየመራ ጨዋታው ሊያበቃ 12 ሰከንድ ያህል ቀርቶት ነበር። ሬቨንስ ኳሱን የያዘው ከራሱ የመጨረሻ መስመር አጠገብ በመሆኑ እንደ ደንቡ በረጅሙ መትቶ ማራቅ ነበረበት። ይህ ምት ሁለት አደጋ ነበረው። አንደኛው ተቃራኒው ቡድን ምቱን በአካሉ አግዶ እዚያው ነጥብ ማስቆጠሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተመታውን ኳስ ተቀብሎ ሜዳውን አቋርጦ መመለሱ ነው። በሁለቱም መንገድ ስድስት ነጥብ የሚያስገኝ ውጤት ሊመዘገብ፣ ድሉም ሊገለበጥ ይችል ነበር።

የሬቨንስ መቺ ሳም ኩክ ኳሱን አልመታም። ተቀብሎ ከራሱ የግብ ክልል ሳይወጣ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ስምንት ሰከንድ ያህል ካጠፋ በኋላ ሆን ብሎ ከመስመር ወጣ። በዚህ ጨዋታ ሕግ መሠረት ይህ ለተቃራኒው ቡድን ሁለት ነጥብ ያሰጣል። ጓደኞቹም ተቃራኒ ተጫዋቾችን ያለ ስስት ይዘው ነበር። በራስ ክልል ውስጥ ለሚሠራ የመያዝ ጥፋት የሚሰጠው ቅጣት እነዚያው ሁለት ነጥቦች በመሆናቸው ጥፋቱ የሚያስከፍላቸው ተጨማሪ ዋጋ አልነበረም። ውጤቱ 34 ለ 31 ሆኖ የቀሩት አራት ሰከንዶች ናይነርስን ለምንም ሳይበቁት አለቁ። ሬቨንስ ሁለት ነጥብ ከፍሎ ስምንት ሰከንድ ገዛ። የግዢውም ዋጋ አስቀድሞ ተሰልቶ ነበር።

የአሜሪካን ፉትቦል በተቃራኒው የሚያስተምረውም አለ። በጨዋታ ማብቂያ ላይ ተከላካዮችን በሙሉ ወደ ኋላ በመሳብ ረጅም ቅብብልን ብቻ የመከልከል ስልት በዚያ አገር የተለመደ ነው። ስልቱ ረጅሙን ኳስ ቢከለክልም በፊት ለፊቱ ያለውን ሜዳ ለአጫጭር ቅብብሎች ክፍት ያደርጋል። በ1994 ዓ.ም. በተካሄደው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስና ሴንት ሉዊስ ራምስ 17 ለ 17 ሆነው ሳለ ፓትሪዮትስ ኳሱን ያገኘው 1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሲቀር፣ ጨዋታ የሚያስቆምበት የእረፍት ጥሪም ሳይኖረው ነበር። በአብዛኛው በአጫጭር ቅብብሎች 48 ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ምት ርቀት ደረሰ። አዳም ቪናቲየሪ ከ44 ሜትር ርቀት የመታው ኳስ ሰዓቱ ሲያልቅ በቋሚዎቹ መካከል አልፎ ፓትሪዮትስ 20 ለ 17 አሸነፈ። ስልቱ ከዋልያዎቹ ማፈግፈግ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ግልጽ ነው። ወደ ኋላ የሸሸ ተከላካይ አደጋውን አያርቅም፤ አጥቂውን መምታት ወደሚችልበት ርቀት ራሱ ይጋብዘዋል።

የምቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። በአሜሪካን ፉትቦል የቆመ ኳስ መምታት የአንድ ሰው ሙያ ነው። ይህ ሰው ከጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳ ውጪ ቆሞ ያሳልፍና በወሳኟ ሰዓት ይጠራል። የተቃራኒው ቡድን አሰልጣኝ መቺው ሊመታ እግሩን ሲያነሳ የእረፍት ጥሪ በማድረግ እንዲያስብና እንዲጨነቅ የሚያደርግበት ዘዴም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 የቡፋሎ ቢልስ መቺ ስኮት ኖርዉድ ከ43 ሜትር የሞከረው ኳስ በቀኝ በኩል በመውጣቱ ቡድኑ በኒው ዮርክ ጃያንትስ 20 ለ 19 መሸነፉ እስከ ዛሬ ይነገራል። አንድ ምት አንድን ሰው ለዘመናት ሊከተለው ይችላል።

በኢትዮጵያ እግር ኳስ መቺው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚወሰንበት ልማድ የጠነከረ አይደለም። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ሁለት ሦስት ተጫዋቾች በኳሱ ዙሪያ ሲመካከሩ መታየቱ በሰፈር ውድድሮች ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም። ውሳኔው በዚያች ቅጽበት ከተተወ ኳሱን የሚያነሳው በልምምድ ጥሩ የሆነው ሳይሆን በወቅቱ የደፈረው ይሆናል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በኔልስፕሩይት ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሳላዲን ሰይድ በመጀመሪያው አጋማሽ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዌኔ አድኖበታል። ሳላዲን በዚያ ዘመን የቡድኑ ዋና አጥቂ በመሆኑ ለምቱ መመረጡ የሚያስወቅስ አልነበረም። ይሁንና የክፍት ጨዋታ ግብ አግቢነትና የቆመ ኳስ መቺነት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸው በአሰልጣኞች ዘንድ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ግብ ጠባቂውንም በተመለከተ አንድ የሚገርም ጥናት አለ። በእስራኤል የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን መርምረው ነበር። ከምቶቹ 29 በመቶ ያህሉ የተመቱት ወደ ግቡ መሃል ሲሆን፣ ግብ ጠባቂዎቹ ግን በመሃል ቆመው የጠበቁት በ6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። በመሃል የቆሙት ደግሞ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከዘለሉት በእጥፍ የበለጠ የማዳን ውጤት አስመዝግበዋል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ምክንያት ግብ ጠባቂው ቆሞ ከተቆጠረበት ምንም እንዳላደረገ ስለሚሰማው፣ ዘሎ ከተቆጠረበት ግን የቻለውን እንዳደረገ ስለሚቆጥረው ነው የሚል ነው። ሥራ ላይ መታየት ከሥራው ውጤት በላይ የሚያስጨንቅበት ሙያ ግብ ጠባቂነት ብቻ አለመሆኑን የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ሳይረዱት አይቀሩም።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ በመጨረሻ ደቂቃ ሽንፈት ብቻ የተሞላ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ሁለት ጊዜ መሪ ሆና ነበር። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው የአቻነት ግብ የቆየው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ግብጽ በ75ኛው ደቂቃ ዳግም መርታ ውጤቷን ለማስጠበቅ 15 ደቂቃ ቀርቷት ሳለ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያን አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀብሏል። በዚያን ዕለት ማስጠበቅ ያቃተው ተቃራኒው ቡድን ነበር። ከላይ የተጠቀሰው የዛምቢያ ጨዋታ ከዚህ ድል በኋላ ልክ በ51ኛ ዓመቱ በዚያው ዕለት መደረጉም ለታሪክ ወዳዶች የሚጠቀስ ነው።

በዚሁ ስታዲየም መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. ከሁሉ የከፋው የማብቂያ ደቂቃ ሽንፈት በጊኒ ላይ ደርሷል። የዚያ ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊ የሚለየው በአራት ቡድኖች የዙር ጨዋታ ስለነበር በመጨረሻው ቀን ለሞሮኮ አቻ መውጣት ይበቃት ነበር፤ ጊኒ ግን ማሸነፍ ነበረባት። ጊኒ ከ33ኛው ደቂቃ ጀምሮ 1 ለ 0 እየመራች ከ50 ደቂቃ በላይ ቆየች። ጨዋታው ሊያበቃ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሞሮኳዊው አህመድ ማክሩህ ከርቀት የመታው ኳስ ግብ ሆኖ ዋንጫው ወደ ራባት ሄደ። ጊኒ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫን አንስታ አታውቅም።

በ1980 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ባስተናገደችው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ 1 ለ 1 ተለያይተው ኢትዮጵያ በመለያ ምት 5 ለ 4 ማሸነፏ አይዘነጋም።

ውጤትን በአግባቡ ለማስጠበቅ ግን የተሻለው ምሳሌ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ከሱዳን ጋር በአዲስ አበባ የተደረገው ጨዋታ ነው። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ጨዋታ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለነበር በሜዳዋ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃት ነበር፤ ከሜዳ ውጪ ያስቆጠረቻቸው ሦስት ግቦች ለማለፍ ያበቋታል። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ በሁለተኛው አጋማሽ ሁለቱን ግቦች አስቆጠሩ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ደቂቃዎች ስሌት እጅግ ጥብቅ ነበር። ሱዳን አንድ ግብ ብታስቆጥር በድምር 6 ለ 5 አልፋ ትሄድ ነበር። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ግን ያለ ግብ ጨርሶ ለ31 ዓመታት ወደራቀበት መድረክ ተመለሰ። ከሦስት ወራት በኋላ በኔልስፕሩይትም ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶበት በአሥር ሰው ሲጫወት ከቆየ በኋላ አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ ባስቆጠረው ግብ የወቅቱን የአፍሪካ ሻምፒዮን ዛምቢያን 1 ለ 1 አቻ ይዟል። የመከላከል አቅም በቡድኑ ውስጥ እንደነበረ እነዚህ ሁለት ጨዋታዎች ያረጋግጣሉ። በሩስተንበርግ ከስምንት ቀናት በኋላ የጎደለው ጀግንነት ሳይሆን ጥፋትን ከክልሉ ውጪ የማስቀረት ልማድ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጨዋታው ሕግም ተለውጧል። በክልሉ ውስጥ ኳስ ለመጫወት ሲሞክር ግልጽ የግብ ዕድል ያበላሸ ተከላካይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከፍጹም ቅጣት ምቱ በተጨማሪ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ እንጂ ቀይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮም ግብ ጠባቂው ምቱ ሲመታ ቢያንስ አንድ እግሩን በመስመሩ ላይ ወይም ትይዩ ማድረግ ይጠበቅበታል። የቅያሪ ቁጥር ወደ አምስት ማደጉ አማካይ ግብ ጠባቂ የሚሆንበትን አጋጣሚ ቀንሶታል፤ በአንጻሩ ግን በደከመ ተከላካይ ላይ የሚገቡት ትኩስ አጥቂዎች በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው ድንጋጌ ደግሞ ኳስን በእጁ ይዞ ከስምንት ሰከንድ በላይ የሚያቆይ ግብ ጠባቂ በቡድኑ ላይ የማዕዘን ምት እንዲሰጥ ያደርጋል። ሰዓት በማጥፋት ውጤት ማስጠበቅ የለመዱ ቡድኖች ከእንግዲህ ሌላ ዘዴ ሊፈልጉ ግድ ነው። ያልተለወጠው አንቀጽ ግን በመጨረሻው ሰከንድ የተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት ሰዓቱ ቢያልቅም እንዲመታ የሚያዘው ነው። ሰዓት ለሌላው ጨዋታ ሲቆም ለዚህ ምት ይጠብቃል።

ጉዳዩ ወደ ኮልፌ ቀራኒዮ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ጥፋትን ከክልል ውጪ የማስቀረት ልማድ በብሔራዊ ቡድን ካምፕ ውስጥ በሦስት ሳምንት ዝግጅት የሚገኝ አይደለም። ተከላካይ የክልሉን መስመር ሳያይ የሚያውቀው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመስመሩ ሲቀጣና ሲድን ያደገ ከሆነ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈላቸውና በሥርዓት የተሰመሩ ሜዳዎች እየተሠሩ መሆናቸው መልካም ነው። ይሁንና በርካታ ታዳጊዎች ዛሬም የሚጫወቱት ግቡ በድንጋይ ወይም በእንጨት በተለየበት፣ የክልሉ ወሰን ደግሞ በግምት በሚታወቅበት አፈር ሜዳ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ያደገ ልጅ ኳስ የመንጠቅ ድፍረት ይማራል፤ ድፍረቱ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ግን የሚነግረው ምልክት የለም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልታየ መስመር በ90ኛው ደቂቃ በድንገት ሊታይ አይችልም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ሜዳ ከመሥራት ጋር የሚወዳደር አይደለም። በደንቡ መሠረት የፍጹም ቅጣት ምት ክልል የሚለካው ከእያንዳንዱ ቋሚ ውስጠኛ ጠርዝ ወደ ጎን 16.5 ሜትር፣ ከግቡ መስመርም ወደ ሜዳው 16.5 ሜትር በመውሰድ ሲሆን፣ አጠቃላይ ስፋቱ 40.32 ሜትር ይሆናል። ምቱ የሚመታበት ነጥብ ከግቡ መሃል 11 ሜትር ላይ ይገኛል። ሜዳው ጠባብ ከሆነ ልኬቱን በመጠኑ ማሳነስ ይቻላል። ጥቂት ኖራ፣ ሜትርና ገመድ እንዲሁም የሁለት ሰዎች የአንድ ማለዳ ሥራ በቂ ነው። ዝናብ መስመሩን ስለሚያጠፋው በክረምት ወራት ደጋግሞ ማስመር ያስፈልጋል። ለወረዳ የወጣቶችና ስፖርት ሠራተኛም ሆነ ለጤና ቡድን ሰብሳቢ ይህ ከበጀት ጥያቄ ይልቅ የክትትል ጥያቄ ነው።

መስመሩ ከተሰመረ በኋላ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ የማብቂያ ደቂቃዎችን ለብቻቸው ማለማመድ ይችላል። ልምምዱ የሚጀመረው ተጫዋቾቹ ሲደክሙ እንጂ ትኩስ ሆነው ሳለ አይደለም። ሁለቱ ቡድኖች ለአሥር ደቂቃ እንዲጫወቱ ይደረጋል፤ አንደኛው 1 ለ 0 እየመራ እንደሆነ ተቆጥሮ ይጀምራል። መሪው ቡድን የተከላካይ መስመሩን ከክልሉ ጠርዝ ቢያንስ አሥር ሜትር ወደ ፊት አርቆ እንዲያቆይ፣ አንድ ሰውም ኳስ ተጠርጎ ሲወጣ የሚቀበል ሆኖ ከፊት እንዲቀር ይታዘዛል። በክልሉ ውስጥ ሰው የነካ ተከላካይ በዚያው ቅጽበት ጨዋታው ቆሞ ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጥበታል። መቺው በዕለቱ ጠዋት በስም የተመረጠው ተጫዋች ብቻ ሲሆን፣ እሱም እንደ ሌሎቹ ሮጦና ደክሞ የቆየ መሆን አለበት። በእረፍት ላይ ያለ እግር የመታው ሃያ ኳስ ስለ 90ኛው ደቂቃ የሚናገረው ነገር የለም።